የሰው ቀን፣ የሰው ፊት፣ የእኛ እንጀራ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የፎቶ ሥራ ቡድኑ አባላት ያቀረቡት ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ላይ «የፎቶ ቡድኑ ምን እየሠራ እንደሆነ ይንገረን፤ ሥራው የሚያዋጣ እንደሆነ፣ ልጆቻችንም የሚገቡበት እንደሆነ እንወቅ» ብላችሁን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ካሜራ የተገዛው ከእናንተ ጋር በጣልነው ዕቁብ ነው፤ ዕቃው ምን ላይ እንደዋለ ማወቅ መብታችሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሥራውን ጣፋጩንም መራራውንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን። በመጨረሻም ጉባኤው እንዲወስንልን የምንጠይቃቸው ሦስት ነገሮች አሉን።

እኛን ታውቁናላችሁ። ከመካከላችን እንጀራ ስትሸጥ የነበረች አለች። ፀጉር ቤት ተቀጥራ የሠራች አለች። ከዐረብ አገር ተመልሳ ሥራ ያጣች አለች። ዛሬ ሰርግ፣ መልስ፣ ኒካ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የድርጅት ስብሰባና ሥልጠና እናነሳለን። ብዙ ሰው ግን ሥራውን ከውጭ ሲያየው ቁልፍ መጫን ብቻ ይመስለዋል። «አሁን ሁሉም ሰው ስልክ አለው፤ ለምን እንከፍላለን?» የሚለንም አይጠፋም።

መልሳችን ይህ ነው። ስልክ የያዘ እንግዳ ደስ ያለውን ያነሳል፣ ሲርበው ይበላል፣ ሲመሽ ይሄዳል፤ ማንም «ለምን ይህ ቀረ?» ብሎ አይጠይቀውም። እኛ እንጠየቃለን። የሚከፈለንም ስለዚህ ነው። ደጋሹ ቀኑን አደራ ሰጥቶናል፤ እንግዳው ፊቱን አደራ ሰጥቶናል። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አባቶች። የዛሬው ንግግራችን በእነዚህ ሁለት አደራዎች ላይ ነው፤ ከዚያ እነርሱን ጠብቀን እንዴት እንጀራ እንደምንበላ እንነግራችኋለን።

የሰው ቀን

ሊጥ ቢበላሽ ሌላ ይቦካል። ቀሚስ ቢጠብ ተፈትቶ ይሰፋል። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የእናቷን ጉልበት የሳመችበትን ቅጽበት ግን «እንደገና ሳሚ» ብሎ ማስመለስ አይቻልም። ብትስምም ያ እንባ አይመለስም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከቀኑ በፊት ነው። ሰርጉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ቤተሰቡ ሄደን ከአንዲት ቤቱን ከምታውቅ ሴት ጋር እንቀመጣለን። ብዙ ጊዜ አክስት ናት። የምንጠይቃት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የቀኑ ቅደም ተከተል ነው፦ ሙሽራው ስንት ሰዓት ይመጣል፣ ምርቃቱ ቤት ነው ወይስ አዳራሽ፣ ተክሊል አለ ወይ፣ ለመልሱ ካባ የሚደረበው መቼ ነው። ሁለተኛው «ማን እንዳይቀር?» የሚለው ነው። ከገጠር የመጡ አያት ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ማንም ካላመለከተን አናውቃቸውም። ያሳደገች ሞግዚት ጓዳ ስትሠራ ትውላለች። በዓመቱ ቤተሰቡ አልበሙን ሲገልጥ ቀድሞ የሚፈልገው እነዚህን ነው። ስማቸውን በወረቀት ጽፈን በኪሳችን ይዘን እንውላለን፤ ያነሳነውን እየሰረዝን እንሄዳለን።

የሃይማኖት ቦታ ስንገባ ከካህናቱ ወይም ከመስጊዱ ኃላፊዎች ቀድመን እንጠይቃለን። የት መቆም እንደሚፈቀድ፣ ፍላሽ ይበራ እንደሆነ፣ መቼ ካሜራውን ዝቅ ማድረግ እንደሚገባ እንጠይቃለን። ሥርዓቱን ጠይቃ የገባች ሴት በሚቀጥለውም ትጠራለች።

ስለ ብርሃን ትንሽ እንበል፤ ለመማር የምታስቡ ልጆች ይጠቅማችኋል። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ዕቃ ነው። በሀበሻ ቀሚስና በነጠላ የተሞላ ቤት ውስጥ ሲገባ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያስብና ሥዕሉን ያጨልመዋል። ያን ጊዜ ነጩ ይጠይማል፤ የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ካሜራው ከሚገምተው በላይ ብርሃን እንዲያስገባ እናደርጋለን፤ ብዙ ጊዜ አንድ ደረጃ ያህል። ከዚያ ጥልፉ ሳይቀር እንዲታይ እያየን እናስተካክላለን። ልኩን የምንይዘው በፊት እንጂ በልብስ አይደለም።

ድንኳን ሌላ ፈተና ነው። ሰማያዊ ሸራ የሰውን ፊት ሰማያዊ ያደርጋል፤ ቢጫውም ቢጫ ያደርጋል። ስልክም ካሜራም ይህን አያመልጥም። መፍትሔው ለዋና ዋናዎቹ ፎቶዎች ሰዎቹን ወደ ድንኳኑ አፍ ማውጣት ነው። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ፍላሹን ፊት ላይ አንተኩስም። ጣሪያው ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነ ወደ ላይ አዙረን ብርሃኑ ተመልሶ እንዲወርድ እናደርጋለን። እስክስታ ሲጀመር ትከሻ ፈጣን ነውና ከ1/250 ሰከንድ በታች አንወርድም፤ ከወረድን ሰው ሳይሆን ጭስ ይወጣል።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር እንምጣ፤ የተነሳውን መጠበቅ። ሁለት ካሜራ ሳንይዝ ሰርግ አንቀበልም፤ ሁለተኛው ከሌለን እንከራያለን። ሁለት ካርድ የሚወስድ ካሜራ ካለን እያንዳንዱን ፎቶ በሁለቱም ላይ እንዲጽፍ እናደርገዋለን። ባትሪ ማታውኑ ይሞላል፤ ጠዋት መብራት ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? ከሥራ ስንመለስ እግራችን ቢያብጥም ሳንተኛ ወደ ላፕቶፑ እና ወደ ሃርድ ዲስክ እንገለብጣለን። ሁለቱ አንድ ቤት አያድሩም። አንዱ በአንዳችን ቤት፣ ሌላው በሌላችን ቤት ያድራል። ሌባም እሳትም ሁለት ቤት በአንድ ሌሊት አይጎበኝም ብለን ነው። ደንበኛው ፎቶውን ተረክቦ እስኪፈርም ድረስ ካርዱ አይጠፋም። ይህ ልማድ ሰነፍ ለሆነች ሴት ከባድ ነው፤ ለእኛ ግን የእንቅልፍ ዋስትናችን ነው።

የስብሰባው ቀን

አዲስ አበባ የስብሰባ ከተማ ናት። በ1955 ዓ.ም. ግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአፍሪካ አዳራሽ ከተመሠረተ ጀምሮ እንግዳ ያልተለያት ከተማ ናት። ከትልልቆቹ ጉባኤዎች ሌላ በየሆቴሉ ሥልጠና፣ ምክክር፣ የሠራተኞች ቀን፣ የቅርንጫፍ ምረቃ፣ የሽልማት ምሽት አለ። ይህን ሁሉ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል።

የድርጅት ሥራ ከሰርግ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ ችኩል ነው። ሰርግ ወር ይታገሣል፤ የድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ግን ለዜና የሚሆኑ 10 ፎቶዎችን በዚያው ምሽት ይፈልጋል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ሌላው ሲበላ አንዳችን ጥግ ይዘን መምረጥ እንጀምራለን። ሁለተኛ፣ እዚህ የምናነሳው ለሚያስታውስ ቤተሰብ ሳይሆን ለሪፖርትና ለማስታወቂያ ነው። ባነሩ መነበብ አለበት። አዳራሹ ሞልቶ ሳለ ከኋላ በኩል ሰፋ ያለ ፎቶ መወሰድ አለበት፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ወንበሩ ይሳሳል። ተናጋሪ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወይም እያፏጨ በሚመስልበት ቅጽበት አይሰጥም፤ እንሰርዘዋለን። የጋራ ፎቶ ከምሳ በፊት መሆን አለበት፤ ከምሳ በኋላ ግማሹ ሰው ሄዷል። የተናጋሪዎቹን ስምና ማዕረግ ከፕሮግራም መሪው ወስደን ከፎቶው ጋር ጽፈን እናስረክባለን። ብዙ ድርጅት ደግሞ የሚጠራን ለዚህች ትንሽ ነገር ነው።

ሁለቱ ሥራዎች በዓመቱ ውስጥ መደጋገፋቸው ደግሞ የአምላክ ስጦታ ነው። የኦርቶዶክስ ሰርግ በጥር ይበዛል፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይገባና ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ይመለሳል። የሙስሊም ሰርግ በረመዳን ይቆምና ከዒድ በኋላ ይደራል። ሰርግ በጠፋበት ጾም ውስጥ ግን የድርጅት ሥራ አይጾምም። የካቲት 29 የሚውለው የሴቶች ቀን ብዙ ጊዜ በጾሙ ወቅት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በግንቦትና በሰኔ ስብሰባ ይበዛል፤ ከዚያ ምርቃት ይከተላል። ነሐሴ ይደርቃል። ይህን አውቀን የጥርን ገቢ ለነሐሴ ማስቀመጥ ተምረናል። በነሐሴ ካሜራ የሸጠች ሴት በጥር በኪራይ ካሜራ ትሠራለችና።

የሰው ፊት

አሁን ስለ ሁለተኛው አደራ እንናገር። ይህ ለማኅበራችን ከሁሉም ይበልጥ የሚቀርብ ነው።

ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ካሜራ ከመያዛችን በፊት በአንድ የበዓል ዋዜማ ዱቄትና ዘይት ሊሰጠን አንድ ድርጅት ጠርቶን ነበር። ሄድን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን ብለናል፤ ዛሬም እንላለን። ነገር ግን ባነር ተሰቅሎ ነበር። ዘይቱን ይዘን «ቀና በሉ፣ ፈገግ በሉ» ተባልን። የሰጪው ዓይን ተጨፍኖ ስለወጣ ከመካከላችን አንዷ ያንኑ ዘይት መልሳ ሰጥታ እንደገና እንድትቀበል ተደረገች። ፊታችን የት እንደሚወጣ የነገረን አልነበረም። ከወራት በኋላ የአንዷ ልጅ ከትምህርት ቤት አልቅሳ መጣች። ጓደኞቿ «እናትሽን ዘይት ስትለምን በስልክ አየናት» ብለዋት ነበር። ዱቄቱን በልተን ከጨረስነው ቆይተናል፤ ፎቶው ግን አላለቀም።

ይህን ያነሳነው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ዛሬ ካሜራውን የያዝነው እኛ ነን። ድርጅቶች የበጎ አድራጎት ዝግጅታቸውን እንድናነሳ ይጠሩናል፤ በዚያ መስመር ላይ የቆሙት ሴቶች ደግሞ እኛን ይመስላሉ። ምን እናድርግ?

ሕጉን እንወቅ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት ወይም መሸጥ እንደማይቻል ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ሰውየው ታዋቂ ወይም ባለ ሥልጣን ከሆነ፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ካስፈለገ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ከሆነ፣ ወይም ነገሩ ሕዝብን የሚመለከት ወይም በአደባባይ የተደረገ ከሆነ ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። አንቀጽ 29 ደግሞ ከዚህ ውጭ ፎቶው የወጣበት ሰው እንዲቆምለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ይህ ሕግ ከብዙዎቻችን በዕድሜ ይበልጣል። ፊትሽ ያንቺ እንደሆነ የሚያውቅ ሕግ አለ ማለት ነው፤ ዘይት ስለተቀበልሽ አይቀርም።

በሥራ ላይ ይህን እንዲህ አድርገነዋል። የእርዳታ ዝግጅት ስንጠራ ከአዘጋጁ ጋር ቀድመን እንነጋገራለን። ተቀባዮቹ ከመሰለፋቸው በፊት በአማርኛ፣ አማርኛ ለማይሰሙም በቋንቋቸው፣ ፎቶው የት እንደሚወጣ ይነገራቸዋል። መነሳት ያልፈለገች ዕርዳታዋን ሳይቀንስባት በሌላ ጠረጴዛ ትወስዳለች። ሕፃናትን ወላጅ ሳይፈቅድ አናነሳም። ለሪፖርቱ የሚበቃ ፎቶ ከኋላም ይገኛል፤ እጅ ለእጅ ሲቀባበሉ፣ ከረጢቶቹ ተደርድረው፣ በጎ ፈቃደኞቹ ሲሠሩ። መጀመሪያ ላይ አዘጋጆች ይከፋቸዋል ብለን ፈርተን ነበር። አንዳንዱ በእርግጥ ሌላ ፎቶ አንሺ ፈልጓል። የበዙት ግን «እኛም ግር ይለን ነበር» ብለው ተቀበሉን።

የድርጅት ግብዣም እንዲሁ ነው። ሠራተኛ በምሽት ግብዣ ላይ ይጨፍራል፣ ይጠጣል፤ ያ ፎቶ ሰኞ ጠዋት በአለቃው ስልክ ላይ መገኘት የለበትም። አፉ ምግብ የሞላ፣ ቀሚሷ ከፍ ያለ፣ ብርጭቆ ከመጠን በላይ ያነሳ ሰው ፎቶ ከእኛ እጅ አይወጣም። ማንም አላዘዘንም፤ በራሳችን ላይ ቢደርስ የማንወደውን አናደርግም ነው ነገሩ።

ሴት በመሆናችን ደግሞ የተሰጠን ልዩ አደራ አለ። ሙሽራ ስትለብስ፣ ስትኳል፣ እናቷ ስትመርቃት ጓዳ ውስጥ የምንገባው እኛ ነን። በሙስሊም ሰርግ በሂና ምሽትና በሴቶች በኩል ሙሽራዋና እንግዶቿ ፀጉራቸውን ገልጠው፣ ለራሳቸው ለብሰው ይጫወታሉ። ብዙ ቤተሰቦች ሴት ፎቶ አንሺ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ነገር ግን ሴት አንስታው ወንድ በሱቅ ቢያስተካክለው፣ ሌላ ወንድ ቢያትመው ምን ጠቀመ? ስለዚህ ከካሜራው እስከ አልበሙ ድረስ ፎቶው በሴት እጅ ብቻ እንዲያልፍ አድርገናል። የምታስተካክለው ከእኛ አንዷ ናት። የምታትመውም ሴት ናት፤ እኛ ፊት ታትማለች፣ ፋይሉም ማሽኑ ላይ አይቀርም። ይህን ቃል በወረቀት ጽፈን ለእናትየው እንሰጣለን። ባለፉት ዓመታት ከማስታወቂያ ሁሉ ይልቅ ሥራ ያመጣልን ይህ ወረቀት ነው።

እንግዲህ ለራሳችን ማስታወቂያ የደንበኛን ፎቶ የምናወጣው ባለቤቷ በጽሑፍ ስትፈቅድ ብቻ ነው። ያልፈቀደችን «ቆንጆ ስለሆንሽ ነው» ብለን አንለማመጥም።

የእኛ እንጀራ

«ታዲያ ያዋጣል ወይ?» ላላችሁን እንመልስ። ያዋጣል፤ ሒሳብ ለሚያውቅ።

ለምሳሌ ያህል እንቁጠር። ካሜራና ሌንስ በ240,000 ብር ተገዛ እንበል። 4 ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት 50 ሥራ ቢሠራ፣ 200 ሥራ ነው። በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ካሜራው ብቻ 1,200 ብር በላ ማለት ነው። ለረዳት 2,000፣ ለትራንስፖርት 800፣ ለኢንተርኔት፣ ለመብራትና ለልዩ ልዩ 500 ብንል፣ ድምሩ 4,500 ብር ነው። እስካሁን የራሳችንን ድካም አልቆጠርንም። አንድ ሰርግ አንድ ሙሉ ቀን ማንሳት፣ ከዚያ ሦስት ቀን መምረጥና ማስተካከል ይጠይቃል። በ5,000 ብር የተቀበለች ሴት አራት ቀን ሠርታ 500 ብር ይዛ ቤቷ ገባች፤ በቀን 125 ብር። እርሷ ግን 5,000 ብር ያገኘች ይመስላታል፤ ካሜራው ሲያረጅ ያን ጊዜ ይገባታል። ስለዚህ ዋጋ ከመናገራችን በፊት ይህን ቁጥር በደብተር እንጽፋለን፤ ጎረቤት ፎቶ ቤት ስንት አለ ብለን አንጀምርም።

ሁለተኛው ቀብድ ነው። ያለ ቀብድ ቀን አንይዝም። ሰዎች ቀብድን እንደ ቅድሚያ ክፍያ ብቻ ያዩታል፤ በሕግ ግን ክብደት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ ውሉ መደረጉን ያሳያል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ይህ እኛንም ያስራል። ለአንድ ቅዳሜ ከሁለት ቤት ቀብድ ተቀብሎ የተሻለ የከፈለውን መምረጥ ነውርም ዕዳም ነው።

ሦስተኛው የአንድ ገጽ ውል ነው። ቀኑና ሰዓቱ፤ ስንት ሰው ያነሳል፤ ስንት ፎቶ ይሰጣል፤ አልበም አለ ወይ፤ መቼ ይደርሳል፤ ቀሪው ገንዘብ መቼ ይከፈላል፤ ዝግጅቱ ከተባለው ሰዓት ካለፈ በሰዓት ስንት ይጨመራል፤ ለአንሺዎቹ ምግብ አለ ወይ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ሊታወቅ ይገባል። በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ መብቱ ወደ አዛዡ ይሄዳል። ስለዚህ ድርጅት ፎቶአችንን ለካላንደር ወይም ለማስታወቂያ ሰሌዳ ማተም ከፈለገ ተጨማሪ የሚከፍል እንደሆነ በውሉ ላይ ካልጻፍን በኋላ ማጉረምረም አይረባም።

አራተኛው ወረቀት ነው። ድርጅት ያለ ንግድ ፈቃድ፣ ያለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ያለ ደረሰኝ አይከፍልም። ከክፍያውም ቅድመ ግብር ይቀንሳል፤ የመለያ ቁጥር ለሌላት ቅናሹ እጅግ ይከብዳል። የቀነሰበትን ማስረጃ ተቀብሎ ማስቀመጥ ይገባል፤ በዓመቱ መጨረሻ ከግብራችን የሚታሰብልን እርሱ ነው። የድርጅት ክፍያ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ ለረዳት፣ ለታክሲና ለኅትመት የሚሆነውን ያህል ቀድመን ሳንቀበል አንጀምርም። የረዳት ልጅ ደመወዝ የድርጅቱን ቼክ አይጠብቅም።

አምስተኛው ደኅንነታችን ነው። ወደ ምሽት ሥራ አንዲት ሴት ብቻዋን አትሄድም፤ ሁለት እንሆናለን። የመመለሻው መኪና በውሉ ላይ ይጻፋል፤ አዘጋጁ ያደርሰናል ወይም ይከፍላል። የት እንዳለን የምታውቅ ሦስተኛ ሴት በስልክ ትጠብቃለች። የሰከረ እንግዳ ካስቸገረን ካሜራውን አስቀምጠን ለደጋሹ እንነግራለን፤ ይህም በውሉ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ላይ ይህን ስንጽፍ «ሴት ስለሆኑ አበዙት» ያሉን ነበሩ። አሁን ወንዶቹም ቅጂውን እየጠየቁን ነው።

ልጆቻችሁ በዚህ ሙያ ምሳሌ የላቸውም እንዳትሉ። ከዓፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ በአርመኑ በቦያጂያን ቤተሰብ እጅ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ የወንዶች ሙያ ነበር። በዘመናችን ግን እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶ ዐውደ ርእይ በከተማችን የመሠረተችው ሴት ናት፤ አይዳ ሙሉነህ። በሩ ተከፍቷል።

ከጉባኤው የምንጠይቀው

አንደኛ፦ ማኅበራችን የራሱን ደንብ ያውጣ። በስብሰባችን፣ በሥልጠናችን፣ ለጋሾች በሚመጡበት ቀንም ቢሆን የአባል ፎቶ ያለ ፈቃዷ እንዳይነሳና እንዳይወጣ ይወሰን። እንቢ ያለች ምንም እንዳይቀርባት በጽሑፍ ይስፈር። ለጋሽ ቅር ይለዋል የሚል ስጋት እንዳለ እናውቃለን። እኛ በሥራችን አይተነዋል፤ ቀድሞ በትሕትና ከተነገረው የሚቀየም ጥቂት ነው። የሚቀየመውንም ቢሆን የልጆቻችንን እንባ ሰጥተን አናስታርቀው።

ሁለተኛ፦ አዲስ ዕቁብ ይጣል። ሦስት ልጃገረዶች ለስድስት ወር ከእኛ ጋር ረዳት ሆነው ሠርተዋል፤ ቀን ሙሉ ቆመው፣ ዕቃ ተሸክመው፣ ሰው አክብረው። ካሜራ ብቻ ቀርቷቸዋል። አንድ ካሜራ ሦስቱ በየተራ ቢይዙ፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ቁርጥ ያለ ድርሻ ለዕቁቡ ቢመልሱ፣ የኛው የመጀመሪያው ካሜራ ዕዳውን እንደጨረሰ እርሱም ይጨርሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ሦስተኛው ጥያቄ አይደለም፤ የእኛ ስጦታ ነው። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ብዙ ጊዜ የምናየው ከቀበሌ መታወቂያ ላይ ተስቦ የተለጠጠ፣ የደበዘዘ ፎቶ ነው። ሰባ ዓመት የኖረች እናት አንድ ደኅና ፎቶ ሳይኖራት ትሄዳለች። ልጆቿን ሁሉ ድራ፣ በሁሉም ሰርግ ጓዳ ስትሠራ ውላ፣ በአንዱም አልበም ውስጥ የለችም። ስለዚህ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ በዚሁ አዳራሽ፣ በዚያ በመስኮቱ በኩል ባለው ጥሩ ብርሃን፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ እናቶቻችንን በነጻ እናነሳለን። የፈለጋችሁትን ልበሱ፤ ከልጅ ልጅ ጋር መነሳት የምትሹም ይዛችሁ ኑ። አንድ አንድ ታትሞ ይሰጣችኋል። የት እንደሚሰቀል የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ስም የምትመዘግበው ጸሐፊያችን ናት። ዛሬ ከቡና በኋላ ከእርሷ ዘንድ ተመዝገቡ። መምጣት የማይችሉ እናቶች ካሉ ቤታቸውን ንገሩን፤ እንሄዳለን።

ጥያቄ ካላችሁ ካሜራውም፣ የውሉ ቅጽም፣ የሒሳብ ደብተራችንም እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ መጥታችሁ እዩት።